የፖምፓው ምልክት

አባቴ የሚገዛውን ፒክአፕ የመረጠው በሽምብራ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም በጊዜው ስቄያለሁ።

ቡልቡላ የነበረን መሬት ለኮንዶሚኒየም ተወስዶ ካሳው እጁ የገባ ጊዜ፣ የሰፈራችን ገበሬዎች በሙሉ መኪና መግዛት ጀምረው ነበር። ጤፍ የዘሩበት ማሳ ላይ ክሬን ቆሟል። ወደ አዲሶቹ ቤቶች የሚገቡት ሰዎች አልጋ፣ ፍሪጅና ቁም ሳጥን የሚጭንላቸው ይፈልጋሉ። አባቴም በዚሁ ሥራ ቀሪ ዘመኑን ሊኖር አሰበ። ከአያቶቹ የወረሰው መሬት በሙሉ ወደ አንዲት መኪና ሊለወጥ ነው፤ መኪናዋ ከከዳችው ደግሞ ሌላ የሚያርሰው መሬት የለውም። ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ አልቸኮለም። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ በታክሲ ወሎ ሰፈር እየሄደ ከጋራዦቹ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከመጨረሻው ምርታችን የተረፈ ሽምብራ በፌስታል ይዞ ይሄዳል። ለጃፓኑ ፒክአፕ አንዲት ፍሬ በቀኝ ኪሱ፣ ለቻይናው በግራ ኪሱ፣ የአሜሪካ ስም ላለው ለትልቁ በደረት ኪሱ ይጨምራል። ማታ ቤት ሲገባ ሦስቱንም ኪስ ጠረጴዛ ላይ ለየብቻ ይገለብጥና ዝም ብሎ ያያቸዋል።

እኔ ያኔ በአካውንቲንግ ተመርቄ ቦሌ መንገድ ላይ አንድ ቢሮ ተቀጥሬ ነበር። የተማርኩ መሆኔን ለማሳየት ደግሞ ምክንያት አላጣም።

«አባዬ፣ የጃፓኑ ክምር እኮ ነው የበለጠው። ብዙ የሚበላሸውን ልትገዛ ነው?» አልኩት።

«እኔ የቆጠርኩት የገቡትን አይደለም» አለኝ፣ «በገቡበት ቀን የወጡትን ነው።»

ለምን እንደሆነም አስረዳኝ። የቻይናው አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ነገር ግን አንድ ነገር ሲጎድለው ዕቃው ገና በመርከብ ላይ ነው ይባልና መኪናው ጋራዥ ግቢ ውስጥ ሳምንታት ያድራል። ትልቁ ጉልበተኛ ነው፤ ለአንድ ዕቃው የሚጠየቀው ግን ላም ከነጥጃዋ ይገዛል። አሮጌው የጃፓን እሱም ይታመማል፣ ግን ዕቃው በየሱቁ ነው፤ ሜካኒኩ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፤ ጠዋት ገብቶ አመሻሽ ላይ ይወጣል። «በሬ የማይታመም የለም» አለኝ፣ «እኔ የምፈልገው ቶሎ የሚነሳውን ነው።»

እውነቱን ለመናገር እኔ የቻይናውን ነበር የምፈልገው። ቀዝቃዛ አየርና የሚያበራ ስክሪን አለው፤ ጠዋት ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ሲያወርደኝ በሐሳቤ አይቼው ነበር። አባቴ ግን ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም የማያንስ ነጭ ነጠላ ጋቢና የጃፓን ፒክአፕ ገዝቶ መጣ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

መኪናዋ ግቢ በገባች ቀን ምስማርና መዶሻ ይዞ ኮፈኑን ከፈተ። ድሮ ከብቶቹን ታፋቸው ላይ በጋለ ብረት ነበር ምልክት የሚያደርግባቸው፤ ሦስት የቆሙ ጭረቶች፣ ከሥራቸው አንድ የተጋደመ። ያንኑ ምልክት ባትሪው ላይ፣ ዲናሞው ላይ፣ ሞተሪኖው ላይ እያንኳኳ አሰፈረ። ጋራዥ ስትገባ ደህናው ዕቃ ወጥቶ ያለቀ ይገባባታል ብለው ጎረቤቶች አስፈራርተውት ነበር። የናፍጣ ፖምፓው ጋ ሲደርስ ግን እጁ አልገባም። ፖምፓው ናፍጣውን ለሞተሩ የሚረጨው፣ የመኪናዋ ልብ የሚሉት፣ ከዕቃዋ ሁሉ ዋጋው የከበደ ዕቃ ነው፤ ከሞተሩ ጎን ጠባብ ቦታ ላይ ተወትፏል። የአባቴ እጅ ደግሞ እርፍ ሲይዝ የኖረ ወፍራም እጅ ነው። ሦስት ጊዜ ሞክሮ አቃተው።

«ኢንተላ ኮ፣ ነይ እስቲ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። ሆዱ ሲራራ በኦሮምኛ ነው የሚጠራኝ።

እያኮረፍኩም ቢሆን እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን ሰደድኩና በምስማሩ ጫር ጫር አደረግኩ። የተጋደመው ጭረት ከሥር መሆኑ ቀርቶ ወደ ላይ ተንጋደደና ሦስተኛውን መሐል ለመሐል ቆረጠው። አባቴ በትንሽ የኪስ መስታወት አይቶ ሳቀ። «ይቺስ ላም የሌላ ሰው ናት ይሉኛል» አለ። ኩርፊያዬ እዚያው አለቀ። ለሳምንት ያህል እየደጋገመ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራው።

ምልክት ብቻ አይበቃም ነበር። መኪናዋ ጋራዥ በገባች ቁጥር አባቴ አጠገቧ የተደፋ ጀሪካን ላይ ይቀመጣል፤ ጠዋት ተቀምጦ ስትወጣ ነው የሚነሳው። ብዙ ባለመኪና እንደዚያው ያደርግ ነበር፣ እንደ እሱ ግን በትር ይዞ የሚቀመጥ የለም። ሜካኒኮቹ «ፋዘር፣ ዛሬም ከብት ሊጠብቁ መጡ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ይስቅላቸዋል፣ ዓይኑን ግን ከኮፈኑ አያነሳም። በዚህ ዓይነት ሦስት ዓመት ቆንጆ ሠራ። ቤታችን ቆርቆሮው ተለወጠ፣ እናቴ ዓይኗን ታከመች።

አንድ ቅዳሜ መኪናዋ ፍሪሲዮን ልትቀይር ወሎ ሰፈር ገባች። ገና ከመፈታቷ ለአባቴ ስልክ ተደወለለት፤ አብሮት ያደገ ጎረቤታችን አርፏል፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። መቅረት የማይታሰብ ነገር ነው። እኔን ከቤት አስጠራኝና ጀሪካኑ ላይ አስቀመጠኝ።

«ዓይንሽን እንዳትነቅዪ። ሽንትሽ ቢመጣ እንኳ ያዥው» አለኝ።

«እሺ አባዬ፣ ሂድ በቃ።»

አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ግቢው በዘይት የራሰ ጭቃ ነው፤ እኔ ደግሞ አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ። ከዩኒቨርሲቲ የማውቃቸው ሁለት ጓደኞቼ በበሩ ሲያልፉ አዩኝና ቆሙ። አንደኛዋ፣ «አንቺ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። የአባቴን መኪና እየጠበቅኩ ነው ማለት ምን ነውር ነበረው? አሮጌዋን ፒክአፕ አየኋት፣ የተቀመጥኩበትን ጀሪካን አየሁት፣ አባቴ ትቶት የሄደውን በትር አየሁት። አፈርኩ። «አንድ ዕቃ ልጠይቅ ገብቼ ነው» አልኩና ተነስቼ አብሬያቸው ወጣሁ።

ጫማዬን ሊስትሮ ጠረገልኝና ቦሌ መንገድ ላይ ካፌ ገባን። ለአንድ ማኪያቶ ነበር የወጣሁት። ስለ ሥራ፣ ስለ ደሞዝ፣ ማን ማንን እንዳገባ ስናወራ ሦስት ሰዓት ሄደ። ስመለስ ኮፈኑ ተዘግቷል፤ ሜካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አልቋል እህት፣ ፍሪሲዮኑ እንደ አዲስ ሆኗል» አለኝ። ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥኩ ሮጬ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጥኩ።

አባቴ ከቀብር እንደተመለሰ ኮፈኑን ከፈተ። እንደ ልማዱ ዕቃውን አንድ በአንድ አየ። ኪሱ ውስጥ ያለችውን መስታወት አውጥቶ ወደ ፖምፓው አዞራት። ብዙ ቆየ።

«ሁሉም አለ?» አልኩት።

መስታወቱን ወደ ኪሱ መለሰ። ጫማዬን አየ፤ ጭቃ አልነካውም ነበር። ከዚያ ፊቴን አየ።

«አለ» አለኝ። «ሁሉም አለ። ተነሽ እንሂድ፣ እናትሽ ትጠብቀናለች።»

እፎይ አልኩ። በዚያች እፎይታ ስንት ዓመት እንደኖርኩባት!

በማግስቱ እሁድ ከእናቴ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ አገኘሁት። የጣቶቹ አንጓ ሁሉ ተልጧል፣ ጨርቁ ደም ይዟል። እናቴ ውኃ አሙቃ እያጠበችለት ትቆጣዋለች። «ኮፈኑ ወድቆብኝ ነው» አለን። ሳላስጨርሰው ወደ ክፍሌ ገባሁ። ወደዚያ ጋራዥም ዳግመኛ አልሄደም፤ ሰፈሩ ራቀኝ አለ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ዳገት ላይ ትደክማለች፤ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ናፍጣ እንደ ውኃ ትጠጣለች። አባቴ ናፍጣው ነው የከፋው ይላል፤ ሌላ ቀን ጭነቱ ነው፣ ሌላ ቀን እርጅና ነው ይላል። ሌሎች ሜካኒኮች ጋ ወስዶ ይህንንም ያንንም አስቀየረ፤ ያገኘው ሁሉ እሷ ላይ ፈሰሰ። ፖምፓውን አሳይተህ ታውቃለህ ብዬው ነበር አንድ ጊዜ። «እሱ ደህና ነው፣ ምልክቴ አለበት» አለኝ። እኔም አላነሳሁበትም። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ተዉት። የቤት ዕቃውን ጭኖ ዳገት መሐል የሚያቆምበትን ሰው ማን ደግሞ ይጠራዋል?

በመጨረሻ መኪናዋ ደጃችን ላይ ቆመች፤ አባቴም የቻይናውን ፒክአፕ የገዛ አንድ ጎረቤታችን ጋ ጫኝና አውራጅ ሆነ። በዚያ ዕድሜው የሰው ቁም ሳጥን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ይወጣ ነበር። ለዚያ መኪና በግራ ኪሱ ስንት ሽምብራ እንደጨመረ አስታውሳለሁ፤ በጣም ጥቂት። ያኔ ግን የዚያ መኪና ዕቃ እንደ ልብ መገኘት ጀምሮ ነበር፤ እኔም በአባቴ ላይ የምናገረው አገኘሁ።

ለፋሲካ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ወሬው ስለ መኪና ሆነ። አጎቴ፣ «እንዲያው ያቺ መኪና ምን ነካት?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ ሳይመልስ እኔ ቀደምኩ። ወገቡን ይዞ ሲቀመጥ አይቼ አንጀቴ አርሮ ነበር፣ ግን የወጣኝ ንዴት ነው።

«ምን ይነካታል? መጀመሪያውኑ አሮጌ ነች። አዲሱን ግዛ ብዬ ለምኜው ነበር፤ እሱ በሽምብራ መረጠ!» አልኩ።

ሰው ሳቀ። አባቴም ትንሽ ሳቀ። ያን የዳነ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ «እውነቷን ነው፤ አመራረጥ አላወቅኩበትም» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሽምብራው ለማንም ሲያወራ አልሰማሁትም።

ከዚያ ፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ክረምት አባቴ በሳንባ ምች ሞተ።

ከሙት ዓመቱ በኋላ እናቴ «መኪናዋ ደጅ ላይ ቆማ ማየት አልቻልኩም፣ ሽጪልኝ» አለችኝ። ገዢ መጣ፤ እንደ ደንቡ የራሱን ሜካኒክ ይዞ ነው የመጣው፣ በሰል ያለ ሰውዬ። ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ አጎነበሰና ቀና አለ።

«እህቴ፣ ሞተሩ ጥሩ ነበር» አለኝ። «ይሄን ያህል ዘመን የሚያገለግል ሞተር ነው። የገደለው ፖምፓው ነው። ይሄ የእሷ ፖምፓ አይደለም፤ ያለቀ የሌላ መኪና አጥበው ገጥመውባታል።»

ቱግ አልኩ። «አይሆንም! የአባቴ ምልክት አለበት። ራሴ ነኝ ያደረግኩት!»

ሰውዬው አልተከራከረኝም። ጨርቁን ናፍጣ አስነክቶ ፖምፓውን ወለወለና የእጅ ባትሪ አበራልኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምልክቱ አለ፤ ሦስት የቆሙ ጭረቶች፣ ከሥራቸው አንድ የተጋደመ። ቀጥ ያለ ነው። አልተንጋደደም፣ ሦስተኛውንም አልቆረጠውም። በባትሪውና በዲናሞው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። የእኔ እጅ አይደለም።

ገዢው ዋጋ እየጠራ ነበር፤ አልሰማሁትም። ያ ቅዳሜ ፊቴ መጣ፤ መስታወቷ፣ ንጹሑ ጫማዬ፣ «ሁሉም አለ» ያለኝ ድምፅ። እኔ እንዳላውቅ ነው። መሬቱን በሙሉ ለሦስት ሰዓት ወሬ እንደሸጥኩበት እንዳላውቅ፣ በማግስቱ እኛ ቤተ ክርስቲያን ሳለን ብቻውን ኮፈኑን ከፍቶ፣ ለሌባው ዕቃ የራሱን ምልክት ሰጠው።

እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን ወደ ፖምፓው ሰደድኩ። እንደ ድሮው ያለ ምንም ችግር ገባ። የእሱ እጅ እዚያ ጠባብ ቦታ እስኪገባ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሞከረ፣ ቆዳው ሲላጥ ምን እንዳለ አላውቅም። ጭረቶቹን በጣቴ ዳበስኳቸው፤ ጥልቅ ናቸው።