የወባ ክኒን በጽጌ ጾም

ጎርፉ ከሜዳው ሸሽቶ ሩዙ ማዘርዘር ሲጀምር ወባ ወደ ቤታችን ትገባለች። ዘንድሮ የያዘችው ሴት ልጄን ነው። ጤና ጣቢያ ወስጃት፣ መድኃኒት የምትሰጠው ልጅ ክኒኑን አስጨብጣኝ፣ «እናቴ፣ በባዶ ሆዷ እንዳትውጠው። ወተት ትጠጣበት። ያለ ቅባት ወደ ደሟ በደንብ አይገባም» አለችኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ የተባልሁትን ግን አጥብቄ እይዛለሁ።

ቤት ደርሰን ወተቱን ሳቀርብላት ልጄ ፊቷን አዞረች።

«ጽጌ ነው እማዬ።»

«ጽጌ እኮ የፈቃድ ጾም ነው፤ ማን አስገደደሽ?»

«ፈቅጄ አይደል የያዝሁት? በውኃ ልዋጠውና ልተኛ።»

«ያለ ቅባት አይሆንም ተብያለሁ።»

«እንግዲያ አንቺ በወተት ዋጭልኝ!» ጥርሷ እየተንገጫገጨ እንኳ ምላሷ አይደክምም።

ጓዳ ገባሁ። ሽሮው ተጥዷል፤ ቅቤው ከአጠገቤ ነው። አንድ ማንኪያ ብጨምርበት፣ ትኩሳት ያፈዘዘው አፏ አይለየውም ብዬ አሰብሁ። ማንኪያውን ይዤ ቆምሁ። በኋላ ብታውቅስ? ከዚያ ወዲያ ከእጄ ምግብም ክኒንም የምትቀበል አልመሰለኝም። ቅቤውን መልሼ ከደንሁት።

ልጄን ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ ከሩዙ ወፍ ሲያባርር የሰነበተ እግሬን እየጎተትሁ ወደ ጤና ጣቢያ ተመለስሁ።

«ጾመኛ ናት፤ ወተቱን እምቢ አለችኝ። ምን ላድርግ?» አልኋት መድኃኒት ሰጭዋን።

«ምነው ቅድም በነገሩኝ! ቅባት ይሁን እንጂ ከላም ይምጣ ከኑግ፣ ክኒኑ አይጠይቅም። ብቻ እንደዋጠችው ካስታወከች ይመለሱ፤ እንደገና መውሰድ አለባት።»

ያችን የመጨረሻዋን ባትነግረኝ ምናለ እያልሁ መንገዱን ጨረስሁት።

ኑግ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በጨው በጥብጬ እንጀራ ፈተፈትሁበት። እየተናነቃት ጎረሰች፤ ክኒኑንም ዋጠች። እኔ ብታስታውክ ብዬ ሳፋ አቅርቤ፣ ከመደቡ ጥግ ተቀምጬ አያት ጀመር። ጉሮሮዋ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እጄ ወደ ሳፋው ይሄዳል።

«ምን እንዲህ ታፈጪብኛለሽ? አልሞትም!»

«አንቺን ማን አየሽ? ኑጉን ነው የምጠብቅ።»

ልትስቅ ስትል ሳል አጣደፋት፤ ሳፋውን ብድግ አደረግሁ። ሳሉ አለፈ። ኑጉም ክኒኑም ሆዷ ውስጥ ቀሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አልቧት እንቅልፍ ወሰዳት። ሙቀጫውን ሳላጥብ ትቼ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ትንፋሿን ሳዳምጥ ቆየሁ።