ለወንበሮች የተተከለው ድንኳን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ነው። ሰው ለሥራ ወጥቶ ሲመለስ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሆቴሉ ወይም ስለ ምግቡ ያወራል። እኔ የማወራው ስለ አንድ ድንኳን ነው። ትዝ ሲለኝ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ የያዝኩትን ሥራ አቁሜ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

ሙያዬ የቢሮ ውስጥ ዲዛይን ነው። የምሠራበት ድርጅት ማርና ሰም እየገዛ ወደ ውጭ ይልካል፤ በየአገሩም ቅርንጫፍ አለው። አለቆቼ አጥብቀው የሚፈልጉት አንድ ነገር ቢኖር ቢሮዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ነው። የናይሮቢው ሠራተኛ ካምፓላ ቢሄድ፣ የካምፓላው ጅቡቲ ቢሄድ፣ እንግድነት ሊሰማው አይገባም ይላሉ። ግድግዳው ያው ነጭ፣ ሰዓቱ ያው ከበሩ ትይዩ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ያው ሦስት ባለ ክንድ ወንበር ተራርቆ፣ ጥጉ ላይ ያው የአበባ ማሰሮ። እኔ ይህን እያስተካከልኩ ከአገር አገር እዞራለሁ።

ሲወራ ደስ ይላል። ኑሮው ግን እንደወሬው አይደለም። ጠዋት ስነቃ የት ከተማ እንዳለሁ ጠፍቶኝ ስልኬን የማይበት ጊዜ አለ። ቢሮው አልቆ ሠራተኞቹ ሲገቡ እኔ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ። ሌላው ሰው እንግድነት እንዳይሰማው ስደክም፣ እኔ የትም እንግዳ ሆኜ ቀረሁ። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም። መጣሽ ወይ ብሎ የሚጠብቀኝ አባቴ ብቻ ነበር።

አባቴ የሞተው እኔ ኪጋሊ ወንበር ስደረድር ነው። እህቴ በስልክ የነገረችኝ ከተቀበረ በኋላ፣ ሥራዬ ሊያልቅ ሲል ነበር። «ሰው አገር ብቻሽን ሆነሽ እንዴት እናርዳሽ ብለን ነው» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ የማንም ቤተሰብ እንዲያ ነው የሚያደርገው። አዲስ አበባ ስደርስ ግን ድንኳኑ ፈርሷል፣ የእድሩ ወንበር ተመልሷል፣ ዘመዱም ወደየሥራው ሄዷል። እህቴና አክስቶቼ አቅፈውኝ ትንሽ አለቀሱ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብሎኝ ይወርዳል፣ እኔም አመስግኜ እወጣለሁ። ማታ በሬን ዘግቼ ላለቅስ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ብቻውን የሚለቀስ ለቅሶ ከየት እንደሚጀመር አላውቅበትም ነበር። እንዲሁ እንደደረቅሁ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ሰቆጣ ቅርንጫፍ የተከፈተው የዋግን ነጭ ማር እዚያው ለመግዛት ነው። የተከራየነው ከገበያው ወጣ ብሎ ያለ የድንጋይ ቤት ሲሆን ባለቤቱ አቶ ሰይድ ይባላሉ። ግቢው በር ላይ ሱቅ አላቸው፤ ጨውም፣ ሳሙናም፣ ብትን ጨርቅም ይሸጣሉ። ያን የመሰለ የድንጋይ ግድግዳ በጂፕሰም አስሸፍኜ ነጭ ሳስቀባው ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ድንጋዩ ምን አጠፋ?» አሉኝ።

«ናይሮቢ ድንጋይ የለማ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ነገሩን ስናገረው ለራሴም ጅል ሆኖ ተሰማኝ።

ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ወንበርና ጠረጴዛ የጫነው መኪና ከወልድያ ደረሰ። ሾፌሩ ዝናብ ሳይዘኝ ልመለስ ብሎ ዕቃውን ግቢው ውስጥ አራግፎት ሄደ። ሰማዩ ጠቁሯል። ወንበሮቹ ጨርቅ የለበሱ ናቸው፣ ዝናብ ካገኛቸው አበቃላቸው። ተጨንቄ ስዞር አቶ ሰይድ አዩኝና የሰፈሩን እድር ዳኛ ለምነው ድንኳን አስመጡልኝ። ከቀለም ቀቢዎቹ ጋር ሆነን ተከልነው። ወንበሮቹን ከላስቲካቸው አወጣኋቸውና የተሰበረ እንዳለ ለማየት በረድፍ ደረደርኳቸው። ቀኑ ዓርብ ስለነበር አቶ ሰይድ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ መስጊድ ሄዱ። ቀቢዎቹም ምሳ ወጡ። እኔ አንዱ ወንበር ላይ አረፍ አልኩ።

አሁን እስቲ በመንገዱ እንደሚያልፍ ሰው ሆናችሁ እዩኝ። ሥራ ላይ ቆሻሻ ስለሚችልልኝ ሁልጊዜ ጥቁር ሱሪና ጥቁር ሹራብ ነው የምለብሰው። ስለበረደኝ ነጠላ ደርቤያለሁ። የቀለሙ ሽታ ሰሞኑን ዓይኔን ሲያቃጥለው ሰንብቶ ቀልቷል፤ ያነባል። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የቤቱ ዕቃ ደጅ ወጥቷል። ወንበር በረድፍ ተደርድሯል፤ ከእኔ በቀር ግን አንድም ሰው አልተቀመጠበትም።

መጀመሪያ የገቡት ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት እማማ ትርንጎ ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሩቅ እጅ ከመነሳሳት በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አቀርቅረው መጡና ምንም ሳይሉ ጎኔ ተቀመጡ። ደክሟቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ሴቶች ገቡ። ከዚያ ወንዶች መጡና ራቅ ብለው ተቀመጡ። አንዷ ቤቷ ያገኘችውን እንጀራ በአገልግል ይዛ መጣች። ሰቆጣ ውስጥ ሰው ወንበር ለማየት እንዲህ ይመጣል እንዴ ብዬ ገረመኝ።

ነገሩ የገባኝ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ፊቴ ቆመው ጎንበስ ብለው «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ሲሉኝ ነው።

ክው አልኩ። ዘወር ብዬ ድንኳኑን አየሁ፣ ወንበሮቹን አየሁ፣ የለበስኩትን አየሁ። ብድግ ብዬ «ኧረ ተሳስታችኋል፣ ድንኳኑ ለወንበሮቹ ነው» ለማለት አፌን ስከፍት እማማ ትርንጎ እጄን ያዙኝ።

«ልጀ፣ ማን ነው የሞተብሽ?»

«አባቴ» አልኩ።

አስቤ አልተናገርኩትም። ቃሉ ቀድሞኝ ወጣ። ውሸት አይደለም፤ ግን ሁለት ዓመት ስላለፈው ለዚያ ቀን የሚሆን እውነት መስሎ አልታየኝም።

«ወየው። ብቻሽን ሆነሽ ነው የሰማሽው?»

«አዎ፣ ብቻዬን ሆኜ ነው የሰማሁት።»

ሴቶቹ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣንኛ ተነጋገሩ። ቋንቋውን ባልሰማም ስለ እኔ እንደሚያወሩ ፊታቸው ይናገር ነበር። በዚህ መሃል አቶ ሰይድ ከመስጊድ ተመለሱ። ግቢያቸው በሰው ተሞልቶ ሲያዩ እየተጣደፉ መጥተው ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሙ። ድንኳኑን ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ለምን እንደተተከለ ከማንም በላይ ያውቃሉ። አሁን ጉዴ ሊፈላ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ይኸ ድንኳን እኮ...» ብለው ጀመሩ።

«አባቷ ነው፣ ሰይድ» አሏቸው እማማ ትርንጎ።

አቶ ሰይድ እኔን አዩኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው። «አላህ ሶብር ይስጥሽ» ብለው ከወንዶቹ ጎን ሄደው ተቀመጡ።

እማማ ትርንጎ እጄን አልለቀቁም። «ስሙን ንገሪኝ። ምን ዓይነት ሰው ነበር? ሳላውቀው እንዴት ብዬ አነሳዋለሁ?» አሉኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አዲስ አበባ ሁሉም ያውቀው ስለነበር የሚጠይቅ የለም፤ ውጭ አገር ደግሞ የሚያውቀው ስለሌለ የሚጠይቅ የለም። ስሙ ታደሰ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሬዲዮ ይጠግን እንደነበር፣ ከብየዳው እጁ ሁልጊዜ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይሸት እንደነበር ነገርኳቸው። ከዚያ ስለ አግዳሚው ነገርኳቸው። ደጃችን ላይ የእንጨት አግዳሚ ነበረው፤ አመሻሹ ላይ እዚያ ይቀመጣል። መሃሉ ላይ ግን ተቀምጦ አያውቅም፣ ሁልጊዜ ዳሩ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ «ብቻህን ሆነህ ለምን ዳር ላይ ትቀመጣለህ?» ብዬ ስቄበት ነበር። «ሰው ቢመጣስ?» አለኝ። ሲመጣም «ጠጋ በሉ» እያለ ሰፈሩን ሁሉ ያስቀምጥበት ነበር።

እማማ ትርንጎ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ሴቶቹ ዞረው በኽምጣንኛ ነገሯቸው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ሙሾ ማውረድ ጀመሩ። ሌሎቹ ይቀበላሉ። አንድ ቃል አይገባኝም። መሃል ላይ ግን «ታደሰ» ይላሉ፣ ይሄዱና ደግሞ «ታደሰ» ይላሉ። አባቴ ሰቆጣን አያውቃትም። ዕድሜውን ሙሉ ከሬዲዮ ጋር ሲኖር ይህን ቋንቋ የሰማ አይመስለኝም። አይተውት የማያውቁ ሰዎች በስሙ እየጠሩ ሲያለቅሱለት ያ ሁሉ ጊዜ እምቢ ያለኝ እንባ መጣ። ጮኼ አለቀስኩ። ማን ያየኛል ብዬ አላፈርኩም።

እማማ ትርንጎ ሊያቅፉኝ ወደ እኔ ዘንበል ሲሉ የወንበሩ ክንድ ያዛቸው። ደግመው ሞከሩ፣ አሁንም ያዛቸው። «ይኸ ምን ዓይነት ወንበር ነው? ሰው አያስጠጋም» አሉና ተነስተው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እኔንም ሳብ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሴቶቹ ሁሉ ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፉ መሬት ወረዱ። ዝናቡ መጣና ድንኳኑን ይደበድበው ጀመር። ማንም አልተነሳም። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን እስኪያባራ ተቀመጥን።

በማግሥቱ አቶ ሰይድን ሱቃቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ሌሊቱን ሳፍር ነበር ያደርኩት።

«እርስዎ እያወቁ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

ጨርቅ እየለኩ ነበር፤ ቀና ሳይሉ «ድንኳኑን ያመጣሁት ለወንበር ነው። አባትሽ ግን ሞቷል አይደለም?» አሉኝ።

«ሞቷል።»

«እንግዲያ ሰዎቹ ምኑን ተሳሳቱ?»

«አብሽሪ» አሉኝና ጨርቃቸውን መለካት ቀጠሉ።

ለእማማ ትርንጎም እውነቱን ሄጄ ነገርኳቸው፤ ባልነግራቸው አይሆንልኝም ነበር። መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። «ኧረ አንች ልጅ፣ ሰው ሳይኖርሽ ያን ሁሉ ወንበር ደርድረሽ ብትቀመጭ ምን እንበል?» አሉኝ። ቀጥለው ግን «እንኳንም ወጣልሽ» ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

ቀለሙ ደረቀ፣ ወንበሮቹ ገቡ። ሰዓቱን ከበሩ ትይዩ ሰቀልኩት፣ የአበባ ማሰሮውን ጥጉ ላይ አደረግሁ። እንግዳ መቀበያው ላይ ሦስቱን ባለ ክንድ ወንበር እንደ ልማዴ አራርቄ አስቀመጥኩና ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ አንስቼ ጓዳ አስገባኋቸው። ገበያው ዳር በሚሠራ አናጢ ግድግዳውን የሚሞላ ረጅም አግዳሚ አሠራሁ። ቢሮው ገና ሳይከፈት ከፃግብጂ ማር ይዞ የመጣ ገበሬ ከወንድሙና ከጎረቤቱ ጋር ሦስት ሆነው ገብተው ተጠጋግተው ተቀመጡበት። ማንም ተቀመጡ አላላቸውም።

የቢሮውን ፎቶ እንደላክሁለት አለቃዬ ወዲያው ደወለ። ያ እንጨት ምንድን ነው አለኝ። «እዚህ ሰው ለጉዳይ ብቻውን አይመጣም፤ እኔ ልለያያቸው አልችልም» አልኩት። ከሥራ ብባረርም ግድ የለኝም ብዬ ቆርጬ ነበር። ብዙ አጉረመረመና ለሰቆጣ ብቻ ብሎ ፈቀደልኝ።

ይህን የምጽፈው ሌላ አገር፣ ሌላ አዲስ ቢሮ ውስጥ ሆኜ ነው። ዛሬ አልቋል፤ ነገ ሠራተኞቹ ይገባሉ፣ እኔ እወጣለሁ። ብቸኝነቴ ያው ነው፣ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። አባቴ ግን ተለቅሶለታል። እሱን ሳስበው እንደ ድሮው አልደርቅም፣ አለቅሳለሁ፤ ይቀለኛል። አሁን ከሦስቱ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጫለሁ። በዚህ ሰዓት የሚመጣ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢመጣም ክንዱ አያስጠጋም። መሃለኛው ላይ መቀመጥ ግን ትቻለሁ።