የቦጉሚል የመብረቅ ሻማ

ቦጉሚል የመብረቅ ሻማውን ከመቃብር መብራት ለኩሶ ሞትን በገዛ እጁ ቤቱ አስገባ ተባለ። ይህ የማለዳው ወሬ ነው። ለምሳ ሲደርስ መቃብሩ ተሰንጥቆ ነበር፤ ለእራት ደግሞ ሟቿ አማቱ ፔላጊያ ራሷ ተነሥታ ክብሪት ጭራለታለች።

ማን ያምናል? ፔላጊያ በሕይወት ሳለች ለዚህ አማቿ ሲጋራ መለኮሻ እንኳ ሰጥታው አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ «ያ ሰውዬ» እያለችው ኖራ፣ ሞታ ደግ ሆነች ማለት ሙት መዝለፍ ነው። የወሬው ምንጭም ጎረቤቲቱ ወይዘሮ ሌዎካዲያ ናት፤ ሁለት ዶሮዎች ቢጣሉ ጦርነት ታውጃለች።

ሻማው መጥፋቱ ግን እውነት ነው።

በእመቤታችን የመብረቅ ሻማ በዓል ቤተ ክርስቲያን የተባረከው፣ ከመብረቅ ይጠብቃል የሚባለው ሻማ እንደበራ ቤት ከገባ፣ ቤተሰቡ ዓመቱን በደኅና ይከርማል። መንገድ ላይ ከጠፋ ከቤቱ አንድ ሰው ይጎድላል። የቦጉሚል ሚስት ሮዛሊያ ይህን ሻማ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሸከም አንድም ቀን አልጠፋባትም። ዘንድሮ ግን ከመከር ወዲህ አልጋ ይዛለች፤ ሐኪሙም ሲያናግራት መስኮቱን ነው የሚያየው። ስለዚህ ባሏን ላከችው። በኮቱ እንዲከልለው፣ መንገድ ላይ ከማንም ጋር እንዳያወራ አስጠነቀቀችው።

«ከጠፋ ደግሞ አትደብቀኝ፤ ልወቀው» አለችው።

የዚያን ቀን ነፋስ የሰው ጢም ነቅሎ ለጎረቤት የሚያስረክብ ዓይነት ነበር። ቦጉሚል ባርኔጣውን ለሻማው አለበሰና ጆሮውን ለብርዱ ሰጠ። ሕፃን እንዳቀፈ ሰው በበረዶው ላይ እያዘገመ የመካነ መቃብሩ በር ሲደርስ ነፋሱ እፍ ብሎ አጠፋበት። ክሩ ላይ የቀረችውን ጭስ ቆሞ አያት፤ ኪሱን ዳበሰ። ክብሪት የለም። ቄሱ ለሌላ መንደር ቅዳሴ ሲሄዱ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቷል። ከፊቱ የምትሄደው ሌዎካዲያ ብቻ ናት፤ ከእሷ እሳት መለመን ደግሞ ደወል ከመደወል አይለይም።

ያን ጊዜ በአጥሩ በኩል፣ ፔላጊያ መቃብር ላይ በቀይ ብርጭቆ የሚነደው መብራት ታየው። ትናንት ሮዛሊያ ልካው ራሱ ያበራው ነው። ገብቶ ተንበረከከ።

«እማማ» አላት፣ በሕይወቷ ብሏት የማያውቀውን፣ «ለእኔ ብዬ አይደለም። ለልጅሽ ነው።»

ሻማው ተለኮሰ። ሌዎካዲያ ዞር ብላ አየች።

ቤት ሲደርስ ከአልጋው በላይ ባለው ወራጅ እንጨት ላይ በሻማው ጭስ መስቀል ሣለ። ሮዛሊያ እያየችው ፈገግ አለች፤ ሾርባም ጠጣች፤ ሌሊቱንም ሳታቃስት አደረች። እሱ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። የሙት እሳት ነው ያስገባሁት ወይስ የእናት? እያለ ከጣሪያው መስቀል ጋር ተፋጦ አነጋ።

በማግስቱ ሌዎካዲያ ልትጠይቅ መጣች፤ ኬክም ወሬም ይዛ። ቦጉሚል እንጨት ፈልጦ ሲመለስ ጎረቤቲቱ ሄዳለች፣ ኬኩ አልተነካም፣ ሮዛሊያም ግድግዳው ላይ አፍጥጣለች። ሻማው ትራሷ አጠገብ ነው። የመሞቻዋ ቀን ከመጣ እጇ ላይ የሚያስይዟት እሱኑ ነው።

«ቦጉሽ፣ እማማ ጋ ገብተህ ነበር አሉ» አለችው። «ጠፍቶብህ ነበር?»

ቦጉሚል ከቮድካ ጉዳይ በቀር ዋሽቷት አያውቅም። የታቀፈውን እንጨት ምድጃው አጠገብ ቀስ ብሎ አስቀመጠና ዓይን ዓይኗን አያት።

«አልጠፋም። መቃብሩንም አልረገጥኩም፤ እናትሽንም ዓይኔ አላያትም። ከቤተ ክርስቲያን በወጣው እሳት ነው እዚህ የደረስኩት።»