ከጉና ሥር፣ ዘፈን ያልተሰማበት ሠርግ

ዓርብ፦ ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር

ከባሕር ዳር የተነሣሁት በሁለት ማዳበሪያ ነጠላ ጠቅጥቄ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ጨርቅ ይዞ መጓዝ ብርቄ አይደለም። የገረመኝ ትእዛዙ ነው። ጉና ተራራ ሥር የምታስተምረው የወንድሜ ልጅ ማስተዋል ደውላ፣ «አክስቴ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑልኝ፤ ርዝመታቸውም ስፋታቸውም። ጥለታቸው ደግሞ ጥቁር ይሁን» አለችኝ። ጥቁር ጥለት የሐዘን ነው። ክው ብዬ «ማን ሞተብሽ?» አልኳት።

«እስካሁን ማንም» አለችኝ።

ኋላ ስታስረዳኝ ነገሩ እንዲህ ነው። እንጉዳይ የምትባል የዐሥራ አራት ዓመት ተማሪ አለቻት፤ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። አባቷ ግን ፋሲካ እንዳለፈ፣ በዚህ እሑድ ሊድራት ቆርጧል። ልጅ መዳር እንደሚያሳስር ስለሚያውቅ ድግሱን «የእናቴ ተዝካር ነው» ብሎ አስወርቷል። ለፖሊስ ይነገር ሲባል ደግሞ ልጅቱ ራሷ «አባቴ በእኔ ምክንያት ከታሰረ ትምህርቱም ይቅርብኝ» ብላ አለቀሰች። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ የሴቶች ክበብ ልጆች የራሳቸውን ዘዴ አሰቡ። በጓሮው ያለሙትን ድንች ሽጠው ነጠላውን ያዘዙኝ እነሱ ናቸው። ዘዴውን ግን ማስተዋል በስልክ አልናገርም አለች። እኔ ደግሞ ነገር ተደብቆብኝ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሰው አይደለሁም። ራሴ ላድርሰው ብዬ ተነሣሁ። የመንደሩን ስም አልጽፍም፤ የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ።

ወረታ ላይ ሽንኩርት ሻጮች ሚኒባሳችንን ከበቡት። ረዳቱ ለገዢዎቹ ሽንኩርት ቦታ ለማመቻቸት አንዱን ማዳበሪያ ሲጎትት አፉ ተፈታና ጥቁሩ ጥለት ብቅ አለ።

«እናት፣ ይሄ ሁሉ ለቅሶ የት ነው?» አለኝ እየሳቀ።

«ገና ነው፤ እሑድ ነው» አልኩት ሳላስበው።

ሳቁ እዚያው ቀረ። አጠገቤ የነበረችው ሴት አማተበችና ጉልበቷን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ዓለም በርን አልፈን ዳገቱን ተያያዝነው። እኔም ምላሴን እየረገምኩ ገደሉን ሳይ ደብረ ታቦር ደረስን።

ደብረ ታቦር ብርዱ ከመናኸሪያው በር ጀምሮ ይቀበላል። ባጃጁ ባወረደኝ አልጋ ቤት ባለቤቲቱ ሽሮ አቀረበችልኝና ሳልጠይቃት ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጨመረችልኝ። ነገ ወደ ጉና እንደምወጣ ስነግራት፣ «ሰሞኑን ጉሙ ከፍቷል፤ ሰው አጠገብዎ ቆሞ አያዩትም» አለችኝ። የባሕር ዳር ሰው ስለሆንኩ ልታስፈራራኝ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፦ ወደ ላይ

በማለዳ በሚኒባስ ክምር ድንጋይ ገባሁ። መንገድ ዳር የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ የምትሸጥ ልጅ አግኝቼ ቁርሴን ቆሜ በላሁ። የዚያ አገር ድንች አፍ ውስጥ ዱቄት ነው የሚሆነው፤ ደግሜ አስጨመርኩ። ከዚያ ወዲያ ወደ መንደሩ የሚሄድ መኪና የለም። አንድ ሽማግሌ ማዳበሪያዎቼን አህያቸው ላይ ጫኑልኝና አብረን በእግር ተነሣን።

መጀመሪያ የታረሰ ማሳና የገብስ ክምር ይታየኝ ነበር። ትንሽ እንደወጣን ጉሙ ከላይ ወረደና ከአህያዋ ጀርባ በቀር የማየው ነገር ጠፋ። ድምፅ ግን ይመጣል። አንድ ሰው ሲያስል ከጆሮዬ ሥር ሰማሁት፤ ዞር ብል ማንም የለም።

«ለተዝካሩ ነው የመጡት?» አሉኝ ሽማግሌው።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ተዝካር ነው ይላሉ» አሉ። ትንሽ ሄደው ደግሞ፣ «ሟቿን እኔው ነኝ የቀበርኳት። ተዝካሯም ያኔውኑ ወጥቷል። አሁን ለማን እንደሚደግሱ እንጃላቸው» አሉና አህያዋን ቸብ አደረጉ።

ዳገቱ ላይ ረጃጅም ሰዎች ጉሙ ውስጥ ተራርቀው ቆመው አየሁ። አይንቀሳቀሱም። እኛን የሚጠብቁ መሰለኝና ጮክ ብዬ «እንደምን ዋላችሁ!» አልኩ። መልስ የለም። ሽማግሌው ሳቅ ብለው «ጅብራ ነው እኮ፣ እናቴ፤ ተክል ነው» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ካለፍናቸው በኋላ ዞሬ ማየቴን አልተውኩም።

ትምህርት ቤቱን ያገኘነው በደወሉ ነው። የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ በድንጋይ ሲመታ ሰማንና ወደ ድምፁ ሄድን። ማስተዋል አቅፋኝ የክበቡ ልጆች ወደተሰበሰቡበት ክፍል አስገባችኝ። ግድግዳው ላይ ተማሪዎች በቀለም የሣሉት የዓለም ካርታ አለ። ልጃገረዶች ያለ ዕድሜያቸው ከትምህርት የሚወጡባቸውን አገሮች በቀይ ነጥብ ምልክት አድርገውባቸዋል፤ እስያም አለ፣ ላቲን አሜሪካም አለ። የራሳቸው መንደር ነጥብ ግን ከአፍሪካ ግማሽ ይተልቃል። «ይሄስ ትንሽ አልበዛም?» ስላቸው ተንሾካሹከው ሳቁ።

የክበቡ ሰብሳቢ ቀጠን ያለች፣ ፊቷ ኮስተር ያለ ልጅ ናት። ማዳበሪያውን ፈታ አንዱን ነጠላ ለበሰችና ጥለቱን እንደ ለቅሶ ወደ ላይ አዙራ እስከ አገጯ ተሸፈነች። ከዚያ ጫፉን ወደ ፊቷ ሳብ ስታደርገው ማን መሆኗ ጠፋኝ።

«ብንጮህ ባለጌዎች ብለው ያባርሩናል» አለችኝ ከውስጥ። «ተዝካር የመጣን ሰው ግን ማን ያባርራል? የእንጉዳይ አባት ተዝካር ነው አሉ፤ እኛም ለተዝካር እንሄዳለን። እንጉዳይም ከቤት ሹልክ ብላ ወጥታ ከመካከላችን ትቆማለች።»

«ሚዜዎቹ ገልጠው ቢያይዋችሁስ?»

«የሰው ልጅ ገልጠው? እንዴት አድርገው! ከአባቶቻችን ጋር ደም መቃባት ነው።»

ሌሎቹም እየወሰዱ ለበሱ። ሠላሳ ያህል ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ዝም ማለትን ተለማመዱ። ሲስቁ የነበሩት እነሱ መሆናቸውን አላምን አልኩ። እንጉዳይ የትኛዋ እንደሆነች እንዳይነግሩኝ ለመንኳቸው፤ በዓይኔ እንዳላጋልጣት ፈራሁ።

እሑድ፦ ድግሱ

ከቅዳሴ መልስ ነው የሄድነው። ጉሙ አልተነሣም። በእንጉዳይ አባት በአያ ደሴ ግቢ ዳስ ተጥሏል፤ እንጀራው ተቆልሏል፤ ጠላው በጋን ነው። ከበሮ የለም፣ እልልታ የለም። ሴቶቹ ሲያልፉ ሲያገድሙ በጥቅሻ ነው የሚነጋገሩት። ስንት ሠርግ አይቻለሁ፤ ሠርገኛ ትንፋሹን ውጦ ሲበላ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ውሻው እንኳ ከአጥሩ ሥር ተኝቶ ያየናል እንጂ አልጮኸም።

ልጆቹ ጉሙን እየሰነጠቁ ሁለት ሁለት ሆነው ገቡ። ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ጥለት፣ ፊት የለም። አንድም ቃል ሳይናገሩ በዳሱ ግድግዳ ዙሪያ ተሰልፈው ቆሙ። አንዲት ሴትዮ የያዘችው የጠላ ሽክና ከእጇ ወደቀ። አያ ደሴ ብድግ አለ። ጠይም፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እያየው ነው። ሊለው የሚችለው ነገር አንድ ብቻ ነበር።

«እ... እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «ተቀመጡ።»

አልተቀመጡም። ማስተዋልና እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእንጉዳይ እናት ሙሽራዋን ልታለብስ ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ልብሱ እንደታጠፈ ክንዷ ላይ ነበር። ዓይኗ በሰልፉ ላይ ዞረና መሬት ላይ ተተከለ።

ሚዜዎቹ የመጡት ሳንሰማቸው ነው። የበቅሎዎቹን ቃጭል ሣር ወትፈውበት ኖሯል። ጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የበቅሎ ራስ ታየኝ፣ ከዚያ ዱላ የያዙ ወንዶች። የሙሽራው አጎት ከፊት ገባና ልጅቱ አለመኖሯን የቤቱ ሰዎች በአያ ደሴ ጆሮ ሲነግሩት ሰማ። ሰልፉን አየ።

«ከእነዚህ አንዷ ናታ!» አለ። አንድ ወጣት ሚዜ ወደ ልጆቹ እጁን ዘረጋ። አጎትየው ክንዱን ቀብ አደረገው። «ተው፣ የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለህ?» አለና ወደ አያ ደሴ ዞረ። «ልጅህን አንተ ለያታ።»

አያ ደሴ ከሰልፉ ጫፍ ጀመረ። እያንዳንዷ ፊት ይቆማል፣ ቁመት ያያል፣ እግር ያያል፣ ያልፋል። አሁን ያገኛታል፣ አሁን ጎትቶ ያወጣታል እያልኩ እጄን ነከስኩ። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አንዷ ፊት ቆመና አላልፍ አለ። እግሯን ደጋግሞ አየ። ልጁን ለይቷል።

በዚያች ቅጽበት ከነጠላው ሥር ሕፃን አለቀሰ።

ዳሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ደነገጠ። አንዱ ሚዜ «በስመ አብ!» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ለቅሶው ከዚያች ፊት ከሌላት ነጭ ልብስ ውስጥ ይወጣል፤ ቀጭን፣ የተራበ የጨቅላ ድምፅ። አያ ደሴ ነጠላውን ገለጠው። እንጉዳይ አልነበረችም። ከሦስት ዓመት በፊት የዳራት ታላቋ ልጁ ትርፌ ናት። ስድስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ነበር የሄደችው። ከስታለች፤ ሕፃኑን በደረቷ ታቅፋለች።

«አባዬ፣ እኔን እኮ አንድ ጊዜ ሰጥተውኛል» አለችው።

በቁጣ አልነበረም ያለችው። አባቷን በአንቱታ፣ ትሕትናዋን ሳታጓድል ነው የተናገረችው። እንደዚያ ያለ የሚያስፈራ ነገር በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም። አያ ደሴ ሕፃኑን አየ፣ እሷን አየ። ከእሷ ቀጥሎ የቆመችው ልጅ የትርፌን ነጠላ ጫፍ ጨብጣ ይዛለች፤ ጣቶቿ ነጥተዋል። ያን እኔም አየሁ፣ እሱም አየ። ማን እንደሆነች ሁለታችንም አወቅን።

ነጠላውን መልሶ ትርፌን አለበሳትና ወደ እንግዶቹ ዞረ።

«ልጄ ከእነዚህ ውስጥ የለችም» አለ። «ዛሬ ተዝካር ነው። ግቡ፣ እህል ቅመሱና በሰላም ሂዱ።»

እህል አልቀመሱም። አጎትየው «ይህ ነገር እዚህ አያበቃም» አለና ወጣ። በቅሎዎቹ እንደመጡት ያለ ድምፅ ጉሙ ውስጥ ገቡ። ከዚያ በኋላ ነው የእንጉዳይ እናት ዳሱ መካከል ቁጭ ብላ ያለቀሰችው። ሴቶቹ የሐዘን ይሁን የደስታ አልለዩትም መሰለኝ፣ ከበቧት።

ሰኞ፦ መልስ

ጠዋት ሽማግሌዎች ተሰብስበው አያ ደሴና የሙሽራው ወገን የሚታረቁበትን ቀን ሲቆርጡ ሰማሁ። ካሳ ይከፍላል፣ መቼም ስድቡንም ይጠጣል። እንጉዳይ ግን ደብተሯን ይዛ ክፍሏ ገብታ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን በብርሃን አየኋት፤ ጉንጯ ክብ፣ ገና የሕፃን ፊት ነው። ሰኔ ላይ መፈተኗን ኋላ ማስተዋል ደውላ ነግራኛለች።

ልሰናበት ስወጣ ትርፌን በስድስተኛ ክፍል በር ላይ ሕፃኗን አዝላ ቆማ አገኘኋት። አልገባችም፤ ወንበሮቹን ታያለች። «ያ የመስኮቱ ሥር የእኔ ነበር» አለችኝ። ማስተዋል ለዳይሬክተሩ እንደምትናገር ቃል ገባችላት። የትርፌ ባል ይፈቅድ እንደሆነ ግን ማንም አላወቀም፤ እሷም አልጠየቀችንም። ረፋዱ ላይ ብቻዋን ቁልቁል ወረደች። ካየሁት ሁሉ ያሳዘነኝ ያ ነው፤ እህቷን ያተረፈች ልጅ ወደ ባሏ ቤት ስትመለስ።

ወደ ቤቴ በአንበሳሜ በኩል ተመለስኩ። ገበያተኛው ጫጫታውን ይዞ ሚኒባሱ ውስጥ ሲሞላ ደስ አለኝ፤ ዝምታ ሰልችቶኝ ነበር። ከሐሙሲት በኋላ ከኋላ ወንበር ሕፃን ሲያለቅስ ግን ብድግ ብዬ ዞርኩ፤ ረዳቱ «ምነው እናት፣ የረሱት ዕቃ አለ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ይህ ጉዞ ምን አስተማረሽ ብትሉኝ ትልቅ ቃል የለኝም። እነዚያ ልጆች የዓለምን ካርታ ሥለው፣ የራሳቸውን ደጅ ከዓለም አስበልጠው ምልክት አድርገው፣ እዚያው ደጃቸው ላይ ሄደው ቆሙ። እኔም ደጅ አለኝ፤ ሱቄ ነው።

በማግሥቱ ሱቄን እንደከፈትኩ አንዲት ከገጠር የመጣች ሴት ገባች። ዘመናይ የሙሽራ ቀሚስ ትፈልጋለች፤ ጥልፉ የደመቀ። ሙሽራዋ የት አለች ስላት፣ «ሩቅ ናት፤ ልኳን ይዤ መጥቻለሁ» አለችና ከመቀነቷ የተቋጠረ ክር ፈታ ሰጠችኝ። የሙሽራዋ ቁመት ነው፤ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት። የክሩን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ይዤ ወደ ታች ለቀቅሁት። ከጉልበቴ ትንሽ ወረድ ብሎ አለቀ።

ክሩን ጠቅልዬ እጇ ላይ መለስኩላትና «ልጅቱ ራሷ ትምጣ» አልኳት።