አልወልቅ ያለኝ ሄልሜት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሻወር ስወስድ ውሃው ፊቴን ሲሸፍነኝ ደንግጬ እወጣለሁ። ባለቤቴ ሰብለ "ምን ሆንክ?" ስትለኝ "ሳሙና ገባብኝ" እላታለሁ። ሳሙና አይደለም።

የምኖረው አሰላ ነው፤ ሥራዬ ከብት ማዳቀል ነው። የተወለድኩት ጎጃም ሲሆን ሥራ አመጣኝ፣ ትዳር አስቀረኝ። ሥራዬን ለማታውቁት፣ አንዲት ላም ኮርማ ስትፈልግ ባለቤቷ ይደውልልኛል፤ እኔ የምርጥ ኮርማ ዘር የተቀመጠበትን የናይትሮጅን ዕቃ ሞተር ላይ አስሬ እከንፋለሁ። ላም ቀጠሮ አታውቅም። ሰዓቱ ካለፈ አለፈ ነው። ስለዚህ ዝናብ አልል፣ ጭቃ አልል፣ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነኝ።

ሄልሜቱን ያስረከበኝ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ነው። እሱ ደግሞ ከማን እንደተረከበው እግዜር ይወቀው። መስታወቱ ቢጫ ሆኗል፣ በጎኑ አንድ ስንጥቅ አለው። የውስጡ ስፖንጅ አርጅቶ ይፈረፈራል፤ ባወለቅሁት ቁጥር ፀጉሬ ላይ ዱቄት ይቀራል። ሰብለ "ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የምትውለው?" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ከዚያ ኮስተር ትልና "ኧረ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ይህን ነገር ቀይረው" ትለኛለች።

የመሥሪያ ቤቴ ንብረት ክፍል ሄጄ ጠየቅሁ። ሰውዬው ሄልሜቱን አገላብጦ አየና "ተሰብሯል?" አለኝ። "አርጅቷል" አልኩት። "ያረጀና የተሰበረ አንድ አይደለም። ሲሰበር አሮጌውን ገቢ አድርገህ አዲስ ትወስዳለህ" ብሎ መለሰልኝ። እንግዲህ ሄልሜት በምን እንደሚሰበር አስቡት። ውስጡ እኮ የእኔ ጭንቅላት ነው ያለው!

ራሴ መግዛት እችል ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አልቸገረኝም። እልህ ያዘኝ እንጂ። የመንግሥት ሥራ እየሠራሁ ለምን ከኪሴ አወጣለሁ? ደግሞ እጄ ሙያ ያውቃል ብዬ እኮራለሁ፤ ቤት ውስጥ የተበላሸውን ሁሉ የምጠግነው እኔ ነኝ። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ ውስጡን በማስቲሽ ለጠፍኩት። አገጭ ስር የሚቆለፈው ቁልፍ ዝጎ አልይዝ ስላለኝ ደግሞ ጫማ ሰፊ ጋ ወሰድኩትና የማሰሪያውን ሁለት ጫፎች አንድ ላይ ስፋልኝ አልኩት።

"ከተሰፋ በኋላ አይከፈትም እኮ" አለኝ።

"አይከፈት፤ እንደ ኮፍያ አጠልቀዋለሁ።"

በናይለን ክር ደራርቦ ሰፋው። "ይህ ክር መኪና ይጎትታል!" ብሎ ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ብልጥ ነኝ ባይ!

ሦስት ወር ያህል ሄድኩበት። ሳጠልቀው ጆሮዬን ይፍቀኛል፣ ሳወልቀው አገጬን ይዞ ትንሽ ያስቸግረኛል። ለምጄው ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አዴ ሀዋ ደወሉልኝ። ከአሰላ ወደ በቆጂ ከሚወስደው መንገድ ገንጠል ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ያለቻቸው አንዲት ላም ናት፣ በእሷ ቀልድ አያውቁም። አንዴ ደውለው ደግሞ አይተዉኝም። ገና ሞተር ሳላስነሳ "ዶክተር፣ ደረስክ?" ይላሉ። ዶክተር እንዳልሆንኩ ስንቴ ነገርኳቸው፤ ማን ሰምቶኝ! እኔም አንዳንዴ ስማቸውን ስልኩ ላይ አይቼ ዝም እላለሁ።

መንገድ ላይ ዝናቡ ወረደ። ጉሙ ከፊቴ አስር እርምጃ አያሳይም። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ "አይ አዴ ሀዋ፣ መጣሁ እኮ!" ብዬ ብቻዬን ተነጫነጭኩ። ቤታቸው ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ኩርባው ላይ የኋላው ጎማ ከዳኝ። ፍሬን ያዝኩ። ጭቃ ላይ ፍሬን አይያዝም፤ ይህን ለስንቱ ጀማሪ መክሬያለሁ መሰላችሁ።

ስነቃ አልልም፣ ራሴን አልሳትኩም። መንገድ ዳር ካለው ቦይ ውስጥ በደረቴ ተደፍቻለሁ። ግራ እግሬ ሞተሩ ስር ነው። ግራ እጄ ከሆዴ ስር ተጣጥፏል። ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር። ችግሩ ስወድቅ ሄልሜቱ ራሴ ላይ መዞሩ ነው። መስታወቱ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ሄዶ ዓይኔና አፍንጫዬ ላይ የመጣው ያ የለጠፍኩት የፍራሽ ስፖንጅ ነው። ዝናቡን ጠጥቶ ጠግቧል። አየር ስስብ ውሃ ይመጣል።

በቀኝ እጄ ሄልሜቱን ይዤ ሳብኩት። ማሰሪያው ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። ለቀቅሁት። ወደ ኋላ ላዞረው ሞከርኩ፣ ስፖንጁ ጉንጬ ላይ ተጣብቆ እምቢ አለ። እንደገና ሳብኩት፤ የባሰ አነቀኝ። በሳብኩት ቁጥር የሚያጠብቀው እኔው ነኝ። ያ ክር መኪና ይጎትታል የተባለው እውነት ነበር።

ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ቦዩ ውስጥ ያለው ጎርፍ መጀመሪያ አገጬን ነበር የሚነካኝ፤ ቀስ እያለ ከንፈሬ ላይ ደረሰ። አንገቴን ቀና ሳደርግ ትንሽ አየር በጎን ትገባለች፣ ሲደክመኝና ሳዘነብል ትዘጋለች። ቀና፣ ዘንበል፣ ቀና፣ ዘንበል። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ከላይ በመንገዱ የአህያ ኮቴ ሰማሁ። ጮኽኩ። ጩኸቴ እዚያው ሄልሜቱ ውስጥ ዞሮ ለራሴው ጆሮ ተመለሰ። ኮቴው አልፎ ሄደ። ያኔ አለቀስኩ። "ማርያም፣ ማርያም" አልኩ፤ እሱንም ግማሹን በውሃ ዋጥኩት። በዚያ ሁሉ መሀል ደግሞ በራሴ ተናደድኩ። ለራሴ ወጥመድ ሰፍቼ፣ ደስ ብሎኝ አጥልቄ፣ ሞተር ነድቼ መጣሁበት።

ከዚያ ስልኩ ጠራ።

ኪሴ ውስጥ፣ ከጭኔ ስር። እጄ አይደርስበትም። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። እንደገና ጠራ። ማን እንደሆኑ ማየት አላስፈለገኝም። ከአዴ ሀዋ በቀር ማን ነው እንዲህ የሚደውለው? "አይተዉት፣ እባክዎ አይተዉት" እያልኩ በልቤ ለመንኳቸው። ቆመ። የሚቀጥለው እስኪመጣ የጠበቅሁት ጊዜ ከሁሉም የረዘመው ነው። ጠራ።

በኋላ እንደነገሩኝ አዴ ሀዋ ላሟን በር ላይ አስረው፣ እስክመጣ ድረስ ሳር ላጭድላት ብለው መንገድ ዳር ወጥተው ነበር። ቆይቼባቸው ሊሰድቡኝ ነው የደወሉት። ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ሌላ ስልክ ከቦዩ ውስጥ ሲጮህ ሰሙ። ዘጉት፤ ዝም አለ። ደወሉ፤ ጮኸ።

"ያ ረቢ!" ሲሉ ሰማሁ። ውሃ የሚረግጥ እግር ቀረበኝ። ከዚያ ሄልሜቱን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ጎመን ሊነቅሉኝ ሳቡ። ዓይኔ ሊወጣ! ማሰሪያው ጉሮሮዬን ዘጋው፣ አንዲት ቃል ማውጣት አልቻልኩም። በቀረችኝ ጉልበት እጃቸውን ፈልጌ ያዝኩና ጣታቸውን አገጬ ስር ከክሩ ላይ አስቀመጥኩት። ቆሙ። ዳበሱት። ገባቸው።

"ሂን ሶቾኢን፤ አትንቀሳቀስ፣ ልጄ!"

ቀዝቃዛ ብረት በማሰሪያውና በጉሮሮዬ መካከል ገባ። ማጭዳቸው ነው። ዓይኔ አያይም፣ መተንፈስ አልችልም፣ የሰባ ዓመት አሮጊት አንገቴ ላይ ማጭድ ይስባሉ። አልተንቀሳቀስኩም። ክሩ ቶሎ አልተበጠሰም፣ ደጋግመው ገዘገዙት። አንዴ ቆዳዬን ነካኝ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ከዚያ ላላ፣ ሄልሜቱ ከራሴ ላይ ወጣ፣ ዝናቡ ፊቴ ላይ ወረደ።

ስተነፍስ የሰማኝ ሰው በሬ መስዬው መሆን አለበት።

አዴ ሀዋ ራሴን ጉልበታቸው ላይ ደግፈው ጎረቤት ተጣሩ። ሁለት ሰዎች መጥተው ሞተሩን አነሱልኝ። እግሬ አልተሰበረም፣ አብጦ ነበር እንጂ። እኔ ጅሉ ከጭቃው ገና ሳልወጣ ያልኩትን አስቡት፤ "አዴ፣ ላሟስ? ሰዓቱ እንዳያልፍ!" አልኳቸው።

እስከዚያ ድረስ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣቸውም ነበር። ይህን ስል ግን ተቆጡ። ጭቃ በሆነ እጃቸው አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ፊታቸው አዞሩት።

"ላም በሃያ አንድ ቀኗ ትመለሳለች" አሉኝ። "አንተን በስንት ቀን እናገኝሃለን?"

ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ የላሙ ሰዓት ያለፈበትን ገበሬ ሁሉ የማጽናናው በሃያ አንድ ቀን ኮርማ መልሳ ትፈልጋለች እያልኩ ነው። የዚያን ቀን ግን እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ፣ አላፈርኩም።

አሁን ከራሴ ኪስ የገዛሁት ሄልሜት አለኝ። ሞተር የምትነዱ ካላችሁ፣ ስፖንጁ መፈረፈር ከጀመረ፣ ራሳችሁ ላይ ከተሽከረከረ ወይም ቁልፉ ካስቸገራችሁ ሰው ፈቃድ እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ፤ ጣሉት። አትጠግኑት፣ አታሰፉት። እኔ እንደሆነ የፈሪ ስም ወጥቶልኛል። ጠዋት ጠዋት ሞተሬን አስነስቼ ቆሜ አገጬ ስር "ቀጭ፣ ቀጭ" ሳደርግ የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሰው ሁሉ የሄልሜቱን ቁልፍ ዘግቶ ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ እከፍተዋለሁ፤ መከፈቱን ካየሁ በኋላ ነው የምዘጋው።