ቤንዚን የነካው እጅ

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። ዳንግላ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መጣና «አባትህ አርፈዋል፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀበራሉ» አለኝ። መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ግን እሱም ተቻኩሏል፣ እኔም ጊዜ አልነበረኝም።

በአገራችን ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ከአስከሬኑ ፊት ይሄዳል፤ ልጓሙን የሚይዘው የበኩር ልጅ ነው። የበኩሩ እኔ ነኝ። አባቴ ግን ፈረስ መጋለብ ትቼ አሮጌ ሞተር ስገዛ እንዳኮረፈኝ ነበር። «ያ የሚጮህ ብረት» ይላት ነበር። ልጓሙን ካልያዝኩለት ከእንግዲህ በምን እንታረቃለን?

ሞተሬን አስነስቼ ወደ አባቴ ቤት ገሰገስኩ። ኮሶበር ለመድረስ ትንሽ ሲቀረኝ ዝናቡ ከጉም ጋር ወረደ። መንገዱም ዛፉም ጠፋ። ሞተሬ ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ዝም አለች። ካንዴላዋን ፈትቼ በሸሚዜ አደረቅኩ፣ የቤንዚን ቧንቧዋን በአፌ ነፋሁ፣ ረገጥኳት፣ ሰደብኳት። ከአባቴ የወረስኩት ቁጣውን ብቻ ነው። በመጨረሻ ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ጉም ውስጥ ሰዓት የለም። አባቴ ያልሞተ፣ እኔም ሕፃን ሆኜ ከፊቱ ኮርቻው ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ የደረቱ ሙቀት ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ። ኮቴ ስሰማም ሕልሙ ነው ብዬ አልተነሳሁም። ኮቴው በረከተ። መጀመሪያ የፈረስ ጆሮ፣ ቀጥሎ ከዝናብ የሚከላከል የሳር ገሳ የደረቡ ሰዎች ከነጩ ውስጥ ብቅ አሉ። ወደ አባቴ ቀብር የሚሄዱ ፈረሰኞች ነበሩ።

ከፊት ያለው ሽማግሌ የአባቴ ባልንጀራ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ብረቷ ጣለችህ?»

«እምቢ አለችኝ። ያደርሱኝ ይሆን?»

«ያደርሱኝ ይሆን ብሎ ነገር! ና፣ ተፈናጠጥ።»

አንዱ ጎልማሳ ገሳውን አውልቆ ሞተሬን ሸፈናት። «እንዳይበርዳት ነው» አለ። ሳቁ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ስንደርስ አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ነበር። የአባቴ ፈረስ ተሸልሞ ደጅ ቆሟል። ልጓሙን ስይዘው አፍንጫውን ነፋ፣ አንገቱን ወርውሮ ወደ ኋላ ሸሸ። እጄ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ለቀስተኛው ሁሉ ያየኛል፤ አፈርኩ። አጎቴ ልጓሙን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

አልሰጠሁትም። ተንበርክኬ አንድ እጄን፣ ከዚያም ሌላውን በእርጥብ ሳርና በጭቃ ፈተግሁ። ሽማግሌው አጥሩ ላይ የተሰቀለውን የአባቴን ገሳ አንስቶ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ፈረሱ ቀስ ብሎ ቀረበ፤ ገሳውን አሸተተ፣ እጄን አሸተተ፣ ተመልሶ ገሳውን አሸተተ። ከዚያ ግንባሩን ደረቴ ላይ አሳረፈ።

«ታረቀህ» አለኝ ሽማግሌው።

ከአባቴ ፊት ፊት ሄድን።