ሲስተር ጥሩወርቅ ወዲያው አልሞቱም

ሲስተር ጥሩወርቅ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ክትባት ይዘው ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ ሲሄዱ የተሳፈሩባት መኪና በጉም ውስጥ ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች፤ በዚያው ቀን አረፉ። ይህን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በቀብራቸው ላይ ንግግር ያደረጉት ኃላፊ «በሥራ ገበታቸው ላይ ሳሉ ሕይወታቸው ወዲያው አለፈች» ሲሉም ሰምታችኋል። ብዙዎቻችሁ፣ ሳይሠቃዩ መሄዳቸው ነው ብላችሁ ተጽናናችሁ።

ወዲያው አልሞቱም። ከአንድ ሰዓት በላይ በሕይወት ነበሩ። ይህን የምጽፈው በመድረክ እንዲነበብ አይደለም፤ አይነበብምም። አብረናቸው የሠራን፣ ከእሳቸውም የተማርን ሰዎች ከእጅ ወደ እጅ እንድንቀባበለው ነው።

እኔ በአልዩ አምባ የጤና ረዳት ነኝ። ሲስተር ጥሩወርቅ በደብረ ብርሃን የድንገተኛ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበሩ። በወር አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ከሰላ ድንጋይ፣ ከአረርቲና ከአንኮበር አካባቢ የጤና ረዳቶችንና ቁስል አሳሪ ድሬሰሮችን ሰብስበው ያስተምሩን ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። የእረፍት ቀናቸውን ነበር የሚሰጡን፤ ማደሪያ ለሌለን ደግሞ ቤታቸው ውስጥ ፍራሽ ያነጥፉልን ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን እንዲህ አሉን፦ «ከትምህርት ቤት ከወጣችሁ ስንት ዓመት ሆናችሁ? ያን ጊዜ ያወቃችሁትን ዛሬም የምታውቁ ይመስላችኋል። እጅ ካልሠራበት ይረሳል፤ የረሳ እጅ ደግሞ መርሳቱን እንኳ አያውቅም።»

ማስተማሪያ አልነበራቸውም። ከቄራ የበግ ሳንባ ከነጉሮሮው አስመጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩልን። ጉሮሮው ላይ የጎማ ቱቦ አሰሩበትና የሰላ ድንጋዩን ድሬሰር አቶ ጌጡን «ይንፉበት» አሏቸው። አቶ ጌጡ የቄስ ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ከሁላችን ይበልጣል። ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ሲስተር፣ ዛሬኮ ጾም ነው።»

«ይብሉት አልኩዎት እንዴ አቶ ጌጡ? ይንፉበት እንጂ!»

ሳቅን። አቶ ጌጡ ነፉ፤ ሳንባው ተነፋ። ከዚያ ሲስተር ጉሮሮውን በሁለት ጣታቸው ቆነጠጡና «አሁን ይንፉ» አሏቸው። አቶ ጌጡ ፊታቸው እስኪቀላ ቢነፉ ሳንባው አልተንቀሳቀሰም።

«ሰው እንዲህ ነው የሚሞትባችሁ» አሉን። «መድኃኒት ስለሌላችሁ ብቻ አይደለም። የትንፋሹ መንገድ ተዘግቶ ሳለ እናንተ ቁስሉን ስታጥቡ ነው።»

ከዚያ ወለሉ ላይ ተራ በተራ አስተኙን። አንዳችን ራሱን እንደሳተ ሰው ሲሆን ሌሎቻችን በጎን እያስተኛን፣ መንጋጋውን ወደ ፊት እየሳብን፣ ጆሯችንን አፉ ላይ አድርገን ስንሰማ ዋልን። ሲሰለቸን «እንደገና» ይላሉ። በረመዳን ወር አድካሚውን ልምምድ ለጠዋት ያደርጉት ነበር። ለእኔ ብለው መሆኑን አንድም ቀን አልተናገሩም፤ እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ከቆላ በቃሬዛ አንዲት አራስ አመጡልኝ። የእንግዴ ልጁ ወጥቷል፤ ደሙ ግን አልቆም ብሏል። ከትምህርት ቤት የማስታውሰው መርፌ መውጋትን ብቻ ነበር፤ መርፌው ደግሞ ካለቀ ከርሟል። ከሲስተር የተማርኩትን አደረግሁ። ሆዷን እያሸሁ ማህፀኗ ሲጠነክር ጨብጬ ያዝኩ፤ ሕፃኑን ጡቷን አስያዝኩት፤ በጭነት መኪና ተሳፍረን ያን ሁሉ ዳገት እጄን ሳላነሳ ወጣን። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሲስተር ከሩቅ አይተውኝ ጮኹ።

«እጅህን እንዳታነሳ! እኔ እስክይዝ!»

ሴትየዋ ተረፈች። የእኔ ጣቶች ግን እንደተጨበጡ ቀርተው አልዘረጋ አሉኝ። ሲስተር በሳህን ሞቅ ያለ ውሃ አመጡና አጠገቤ ተቀምጠው አንድ በአንድ እያሹ ዘረጉልኝ። «ሐኪም እስኪመጣ ጠበቅሁ እንዳትለኝ ከእንግዲህ» አሉኝ። «አልዩ አምባ ላይ ሐኪሙ አንተ ነህ።» በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያከበረኝ ሰው የለም።

ከዚያ የወረዳው ካድሬ መጣ። ስሙን የማልጽፈው ለእሱ አዝኜ አይደለም፤ ይህ ወረቀት ለሚገኝበት ሰው ስል ነው። ሲስተር ያለ ፈቃድ ሰው እንደሚሰበስቡ፣ የቅዳሜውንም የፖለቲካ ውይይት ክበብ እንዳስተጓጎሉ የሚገልጽ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በየክሊኒካችን ዞረ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።

«ጓድ ሰይድ፣ ታናሽ ወንድምህ ዕድሜው ደርሷል አይደል?»

ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና የሚመለመሉበት ሰሞን ነበር። ሌላ ቃል አልጨመረም። ፈረምኩ።

ከአሥራ አንዳችን አሥራችን ፈረምን። ያልፈረሙት አቶ ጌጡ ብቻ ናቸው። «እኔ ያየሁት የበግ ሳንባ ነው፤ ሌላ ስብሰባ አላየሁም» አሉት። ብዙም ሳይቆይ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር እንዲዛወሩ ተደረጉ።

ሲስተር ጥሩወርቅ ከድንገተኛ ክፍል ተነሥተው የአንሶላና የብርድ ልብስ መጋዘን ጠባቂ ሆኑ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ሲመልሱ የኖሩ እጆች አንሶላ አጣፊ ተደረጉ። ኋላም ክትባት ለየክሊኒኩ አድራሽ አደረጓቸው። ሥልጠናው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ተመርቀው የተመደቡት ልጆች ወረቀታቸውን ይዘው መጡ፤ «እንደገና» የሚላቸው ሰው አላገኙም።

አንድ ቀን መጋዘኑ ውስጥ አገኘኋቸው። ሰላምታዬን ተቀብለው አንሶላ ማጠፋቸውን ቀጠሉ። ከዚያ፦

«ፈርመሃል አሉኝ።»

«አዎ፣ ሲስተር።»

«ለወንድምህ ብለህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ቀረልህ?»

«አልቀረም። በሁለተኛው ወር ወሰዱት።»

የያዙትን አንሶላ አስቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ምነው፣ እሱን እንኳ ቢተውልህ» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቆይተው ደግሞ፦ «አንድ ነገር ልለምንህ ሰይድ። እዚያ በአንኮበር መንገድ ዳር ያለችው ክሊኒክ አዲስ ልጅ ተመድባ መጥታለች። እኔ እንዳላስተምር ተከልክያለሁ፤ አንተን ግን ማንም አልከለከለህም። ስታልፍ ግባና አሳያት። ራሱን የሳተ ሰው እንዴት እንደሚተኛ፣ እሱን ብቻ።»

«እሺ» አልኳቸው።

በየወሩ መድኃኒት ላመጣ ስወጣም ስወርድም በዚያች ክሊኒክ ደጃፍ አልፋለሁ። አንዴ ሾፌሩ ቸኩሏል አልኩ። አንዴ ካድሬው እዚያው መኪና ውስጥ ነበር። ሌላ ጊዜ ዝናብ ነበር። እውነቱ ግን መፍራቴ ነው፤ ፍርሃቱ ሲበርድልኝ ደግሞ ረሳሁት።

መኪናዋ ስትገለበጥ ሲስተርን የወሰዷቸው ወደዚያች ክሊኒክ ነው።

ሾፌሩ ክንዱ ተሰብሮ ተርፏል፤ የነገረኝ እሱ ነው። ሲስተር መንጋጋቸውን ተመትተው ራሳቸውን ስተው ነበር፤ ግን ይተነፍሱ ነበር። ገበሬዎች በጋቢ ተሸክመው አደረሷቸው። ልጅቱ በጀርባቸው አስተኛቻቸው፤ ትራስ አደረገችላቸው፤ የግንባራቸውን ቁስል አጥባ በንጽሕና አሰረች፤ የደም ግፊታቸውን እየለካች ጻፈች። ማንኮራፋት ጀመሩ። ሾፌሩ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት ተስፋ አድርጎ ነበር። ግን የአፋቸው ደም ወደ ጉሮሯቸው እየወረደ ትንፋሻቸውን ይዘጋ ነበር። ቀስ በቀስ ማንኮራፋቱ ቆመ።

የልጅቱን ስም አልጽፍም። አልሸሸችም፤ አልተዘናጋችም፤ የምታውቀውን ሁሉ አድርጋለች። ሰውን በጎኑ ለማስተኛት መሣሪያ አያስፈልግም፤ መድኃኒትም አያስፈልግም። የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። እሱም እኔ ነበርኩ። ቢደረግላቸው ይድኑ ነበር ወይ ብትሉኝ አላውቅም፤ ሌላም ጉዳት ኖሮባቸው ይሆናል። ዕድሉን ግን እኛ ነፈግናቸው።

በቀብሩ ዕለት ካድሬው የአበባ ጉንጉን አኖረ። የፈረምነው አሥራችንም በሰልፍ ቆመን አለቀስን። ለቅሷችን የእውነት ነበር፤ ይህ ነው የሚያስጠላው።

በሳምንቱ ወደ ክሊኒኳ ገባሁ። ልጅቱ ፍራሹን አጥባ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች። ሊያስራት የመጣ ሰው መስዬያት ተነሥታ ቆመች። ማንነቴን ነገርኳት፤ ከዚያም ጃኬቴን አውልቄ ወለሉ ላይ ተኛሁ።

«ራሴን ስቻለሁ በይ። ጉልበቴን እጠፊ። ትከሻዬን ይዘሽ ወደ አንቺ ሳቢኝ። አሁን አገጬን ቀና አድርጊና ስሚ።»

አደረገች። «እንደገና» አልኳት። ደገመችው፤ ሠለሰችው። ከዚያ ተንበርክካ እንደነበረች ቀረች።

«ይኸው ነው?» አለችኝ።

«ይኸው ነው።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሲስተር ጥሩወርቅ፣ እኔ በእምነቴ አላህ ይዘንልዎ እላለሁ፤ በእርስዎም እምነት ነፍስዎ ከጻድቃን ጎን ትረፍ። ይቅርታ አልጠይቅዎትም። በሕይወት ሳሉ፣ መጋዘኑ ውስጥ ፊትዎ ቆሜ እንኳ አልጠየቅሁዎትም፤ አሁን መልስ በማይሰጡኝ ጊዜ መጠየቁ ለእኔ ቀላል ነው። አቶ ጌጡ ካሉበት ሆነው መርዶውን ሰምተው ጽፈውልኛል፤ ደብዳቤያቸው ውስጥ ስለ ፊርማው አንድ ቃል የለም። ወንድሜ እስካሁን አልጻፈም። እርስዎ የለመኑኝን አንድ ነገር ፈጽሜያለሁ፤ ልጅቱ አሁን ታውቃለች። ደህና ይሁኑ፣ ሲስተር። የፈጀብኝ ግማሽ ሰዓት ነው።